የሪአክተር ነዳጅ የሚያሰሉ ሁለት ኮዶችን እንዴት እናወዳድር? ከድሬ ጠያራ እስከ ሐረማያ ላሉ የፊዚክስ ተማሪዎች

ይህ መመሪያ በድሬ ጠያራ፣ በሐረር ከተማ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ፊዚክስ ወይም ምህንድስና ለተማሩና የራሳቸው ላፕቶፕ ላላቸው ወጣቶች የተጻፈ ነው። ሥራው አንድን የነዳጅ ጥቅል በሁለት የተለያዩ ኮዶች ማስላት፣ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ልዩነታቸው ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ድረስ መከታተል ነው። ለዚህ ሪአክተር አያስፈልግም፤ ላቦራቶሪም አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ፣ ጥቂት ጊጋባይት ዳታ የሚወርድበት አንድ ሌሊትና ትዕግሥት ይበቃል።

አሁን ለምን? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ፣ ከቀጣዮቹ ታላላቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የኑክሌር ኃይል እንደሚሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናገሩ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዴዎን ጢሞቴዎስና የሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ የሮሳቶም ዋና ሥራ አስኪያጅ አሌክሴይ ሊካቾቭ በሞስኮ የኑክሌር ማመንጫ ፕሮጀክቱን የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ። ሮሳቶም በግብፅ ኤል ዳባ የሚገነባው አራት ቪቪኢአር-1200 ሪአክተሮችን ነው። ሻጭ ነዳጁን ሲያመጣ የነዳጁን ስሌትም አብሮ ያመጣል። ስሌቱን ተቀብሎ በራሱ እጅ ደግሞ የሚያሰላ ሰው አገር ውስጥ ከሌለ፣ የቀረበልንን ወረቀት አምነን ከመፈረም ሌላ ምርጫ አይኖረንም። ይህ ችሎታ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ብቻ መከማቸት የለበትም፤ ከሐረር ግንብ ውጭ ባለ የገጠር ወረዳ የሚኖር ሰውም ሊይዘው ይችላል።

ኮዱ የሚሠራው

ላቲስ ኮድ አንድን የነዳጅ ጥቅል ወስዶ፣ በዙሪያው መሰሎቹ ያለ ማለቂያ እንደተደረደሩ ቆጥሮ፣ ኒውትሮኖች የት እንደሚወለዱ፣ ፍጥነታቸው የት እንደሚቀንስና የት ተውጠው እንደሚቀሩ ያሰላል። መጀመሪያ የሚታየው ውጤት ኬ-ኢንፊኒቲ ነው፦ የአንድ ትውልድ ኒውትሮኖች ቁጥር በቀጣዩ ትውልድ ስንት እጥፍ እንደሚሆን። ሁለተኛው ውጤት፣ ለሥራው ይበልጥ የሚፈለገው፣ መላውን ኮር ለሚያሰላው ኮድ የሚተላለፈው የተጨመቀ የክሮስ ሴክሽን ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ ላቲሱ ላይ የተሠራ ስህተት እዚያው አይቀርም፤ ወደ ኮሩ ስሌት፣ ከዚያም ወደ ደኅንነት ትንተናው ይሻገራል።

ኮዶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ዲተርሚኒስቲክ የሚባሉት የኒውትሮኑን ኃይል በቡድን ከፋፍለው የትራንስፖርቱን እኩልታ በቀጥታ ይፈታሉ። ዊምስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ዊንፍሪዝ ላይ ተጀመረ፤ ካስሞ የስቱድስቪክ ነው፤ ድራጎን የሞንትሪያሉ ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ቲቪኤስ-ኤም ደግሞ የሞስኮው ኩርቻቶቭ ተቋም ሥራ ነው። ሞንቴ ካርሎ የሚባሉት ኒውትሮኖችን አንድ በአንድ በዕጣ እያንከራተቱ ይቆጥራሉ። ከእነዚህ የሎስ አላሞሱ ኤምሲኤንፒ፣ የፊንላንዱ ሰርፐንት፣ የኩርቻቶቩ ኤምሲዩ እና በኤምአይቲ የተጀመረው ኦፕን ኤምሲ ይገኛሉ።

መጀመሪያ፦ ኮድ መምረጥ

የዝና ነገር ይቆይ፤ በእጅ የሚገባውን ይምረጡ። ካስሞ ይሸጣል፤ ዋጋውም የተማሪ አይደለም። ኤምሲኤንፒ የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ሰርፐንትን ለማግኘት በተቋም በኩል ማመልከት ያስፈልጋል። ኦፕን ኤምሲና አምስተኛው የድራጎን እትም ግን ክፍት ናቸው፤ ማንንም ሳይጠይቁ አውርደው ምንጫቸውን ጭምር ማንበብ ይችላሉ። የእኔ ምክር እነዚህን ሁለቱን መያዝ ነው፦ ኦፕን ኤምሲን እንደ ማመሳከሪያ፣ ድራጎንን እንደ ተፈታኝ። ሁለቱ ከተለያየ ወገን በመሆናቸው በስሌት ዘዴ ረገድ አንድ ዓይነት ስህተት አብረው የመሥራት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ሁለት ሞንቴ ካርሎዎችን ብቻ ያወዳደረ ሰው ስለ ሬዞናንስ አያያዝ የሚማረው ጥቂት ነው።

ኦፕን ኤምሲ በኮንዳ ይጫናል፤ ለመልመድም ይቀላል። ድራጎን ያስቸግራል። የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ አለው፤ ከፎርትራን ምንጩ መገንባት አለበት፤ መመሪያውም የሚያነብ ዓይን ይፈልጋል። ለእሱ ሳምንታት ይመድቡ፤ አብረውት ከሚመጡት የናሙና ፋይሎች አንዱን ሳያስኬዱ የራስዎን ፋይል አይጀምሩ።

ቀጥሎ፦ አንድ የዳታ ምንጭ

ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንዱን ኮድ በኢኤንዲኤፍ/ቢ-7.1፣ ሌላውን በጄፍ-3.3 የኑክሌር ዳታ ስብስብ አስኬደው "ኮዶቹ በ300 ፒሲኤም ተለያዩ" ብለው ይጽፋሉ (አንድ ፒሲኤም አንድ መቶ ሺኛ ነው)። የተለያየው ኮዱ ይሁን ዳታው ማን ይንገራቸው? ሸዋ በር ገበያ ላይ አንዱን ማሽላ በአንድ ሚዛን፣ ሌላውን በሌላ ሚዛን መዝኖ የትኛው እንደሚከብድ ከመከራከር አይለይም። ሁለቱም ኮዶች ከአንድ የዳታ ስሪት የተዘጋጀ ላይብረሪ ይያዙ። ለኦፕን ኤምሲ የኢኤንዲኤፍ/ቢ-7.1 ፋይል ተዘጋጅቶ ይገኛል። ለድራጎን በ281 ወይም በ295 ቡድን የተዘጋጁ ላይብረሪዎች አሉ፤ የዊምስን ዓይነት ላይብረሪም ያነባል። ለዚህ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ69 እና በ172 ቡድን አዘጋጅቶ በነፃ ያወጣቸው ፋይሎች ይጠቅማሉ። ኢትዮጵያ የዚህ ኤጀንሲ አባል የሆነችው በተመሠረተበት በ1957 (እ.ኤ.አ.) ነውና፣ ያዘጋጀውን ከመጠቀም የሚከለክለን የለም።

የሙቀት መጠንም ተጠንቅቀው ይምረጡ። የኦፕን ኤምሲ ላይብረሪ በ294፣ በ600፣ በ900 እና በ1200 ኬልቪን ተዘጋጅቷል። የመጀመሪያ ስሌትዎ ነዳጁን በ900፣ ውሃውን በ600 ኬልቪን ያድርግ። በመካከል ያለ የሙቀት መጠን ከመረጡ አንዱ ኮድ ሲያማክል ሌላው የቅርቡን ሲወስድ፣ ማንም ያላዘዘው ልዩነት ውጤትዎ ውስጥ ይገባል።

ከጥቅሉ በፊት አንዱን ዘንግ

ወደ ሙሉ ጥቅል አይዝለሉ። የምንሠራበት የሩሲያው ቪቪኢአር-1000 ጥቅል ባለ ስድስት ጎን ሲሆን 331 ቦታዎች አሉት፦ 312 የነዳጅ ዘንጎች፣ 18 የመቆጣጠሪያ ቱቦዎችና አንድ የመሐል ቱቦ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጻፉ በኋላ ውጤቱ ሲለያይ ስህተቱን የሚፈልጉበት ቦታ 331 ይሆናል። በአንድ ዘንግና በዙሪያው ባለው ውሃ ይጀምሩ።

የዘንጉ የውጭ ዲያሜትር 9.1 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንዱ ዘንግ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል 1.275 ሴንቲሜትር። ሴሉ ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ ስፋቱ 1.275 በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያም በ0.866 ተባዝቶ 1.408 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። የዘንጉ ስፋት 0.650 ሲቀነስ ለውሃ 0.758 ይቀራል። ከምዕራባውያን ሪአክተሮች ምሳሌ የቀዳ ሰው ይህንኑ 1.275 ለአራት ማዕዘን ሴል ቢሰጠው ስፋቱ 1.626 ይሆንና ውሃው 29 በመቶ ገደማ ይበዛል። ኮዱ አይጮህም፤ ስህተትም አይልም፤ የሌላ ሪአክተር ውጤት በጸጥታ ይሰጥዎታል። ስለዚህ ከማስኬድዎ በፊት የየአካሉን ስፋት በወረቀት ያስሉ፤ ኮዱ ከሚያትመው ጋር አራተኛው አኃዝ ድረስ ይገጥም እንደሆነ ይዩ።

የአቶሞቹን ብዛትም ለኮዱ አይተዉ። አንዱ ኮድ መጠኑን በክብደት መቶኛ ሌላው በአቶም መቶኛ የሚቀበል ከሆነ፣ 3.7 በመቶ በክብደት የበለጸገ ዩራኒየም በአቶም 3.75 በመቶ ነውና ልዩነቱ በመቶዎች ፒሲኤም ይቆጠራል። እርሳስ አንስተው ያስሉት፦ ጥግግቱ 10.4 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ለሆነ 3.7 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ኦክሳይድ፣ የዩራኒየም አቶሞች ብዛት 0.0232 በባርን-ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ከዚህ ውስጥ ዩራኒየም-235 ወደ 0.00087 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለሁለቱም ኮዶች እንዳሉ ይስጡ። በውሃው በኩል ደግሞ ሃይድሮጅን ከሞለኪውሉ ጋር ተሳስሮ ኒውትሮን የሚበትንበትን ዳታ ማስገባትዎን ያረጋግጡ፤ ኦፕን ኤምሲ ካልተነገረው በቀር በራሱ አይጨምረውም።

አሁን ያስኬዱ። ኦፕን ኤምሲ በአንድ ባች 100,000 ኒውትሮን፣ ከ100 የሚጣሉ ባቾች በኋላ 500 የሚቆጠሩ ባቾች ቢሰጠው፣ 50 ሚሊዮን ታሪኮች ይቆጠራሉ፤ የኬ-ኢንፊኒቲ ስታቲስቲካዊ ስህተት ወደ 10 ፒሲኤም ይወርዳል። ያንን በግማሽ ለመቀነስ ታሪኩን አራት እጥፍ ማድረግ አለብዎ፤ ከዚህ ሕግ ማምለጫ የለም። መብራት እንደሚጠፋ አስቀድመው ይቁጠሩት፤ በየ50 ባቹ ሁኔታውን ወደ ፋይል እንዲጽፍ ያዝዙትና ከተቋረጠበት ይቀጥላሉ። ድራጎን በዚያ ላፕቶፕ ላይ የዘንጉን ስሌት ለመጨረስ እምብዛም ጊዜ አይፈልግም።

ቁጥሩን ማንበብ

ኦፕን ኤምሲ 1.30500፣ ድራጎን 1.30200 ሰጠ እንበል። ብዙዎች ቀንሰው "300 ፒሲኤም" ይላሉ። ትክክለኛው የሪአክቲቪቲ ልዩነት ሁለቱን ቀንሶ ለሁለቱ ብዜት ማካፈል ነው፦ 0.00300 ለ1.69911 ሲካፈል 177 ፒሲኤም። ኬ ከ1 በራቀ ቁጥር በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ስለዚህ የትኛውን እንደተጠቀሙ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፉ።

177 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በዚህ ብቻ መልስ የለም። የኬ-ኢንፊኒቲ መቀራረብ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነጥብ ነው። ድራጎን ዩራኒየም-238 የሚውጠውን አብዝቶ፣ ፊሽኑንም በዚያው ልክ አብዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ተጣፍተው ቁጥሩ ያማረ ይመጣል። ነዳጁ ሲቃጠል ግን ፕሉቶኒየም የሚወለደው ከዚያ ከተዋጠው ኒውትሮን ነው፤ ተደብቆ የነበረው ስህተት ያን ጊዜ ይወጣል።

ስለዚህ ኬን ትተው ወደ ውስጥ ይግቡ። በሁለቱም ኮዶች የዩራኒየም-235 ፊሽንና ቅበላ፣ የዩራኒየም-238 ፊሽንና ቅበላ፣ የሃይድሮጅን ቅበላ በእያንዳንዱ 100,000 የተዋጠ ኒውትሮን ስንት እንደሆነ ያውጡ። ከዚያ የዩራኒየም-238ን ቅበላ በኃይል ይከፋፍሉት፦ ከ0.625 ኤሌክትሮን ቮልት በታች፣ ከዚያ እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከዚያም በላይ። ልዩነቱ በመካከለኛው ክፍል ከተከማቸ ጉዳዩ የሬዞናንስ ነው። በ6.67 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው የዩራኒየም-238 ሬዞናንስ ኒውትሮኑን የነዳጁ ቆዳ ላይ ስለሚውጠው፣ የመሐሉ ነዳጅ ከዚያ ኃይል ይከለላል። ዲተርሚኒስቲክ ኮድ ይህን መከለል በግምት ዘዴ ነው የሚይዘው፤ ድራጎን ውስጥ የሬዞናንሱን ዘዴ ቀይረው ደግመው ያስኬዱና ቁጥሩ ወዴት እንደሄደ ይመልከቱ። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሁለት ከቀየሩ ምክንያቱን ያጣሉ።

ሙቀቱን ይለውጡ

የነዳጁን ሙቀት ከ900 ወደ 600 ኬልቪን ዝቅ አድርገው ውሃውን ሳይነኩ ደግመው ያስሉ። ከሁለቱ የሪአክቲቪቲ ልዩነት የዶፕለር ኮፊሸንቱ ይወጣል፤ ነዳጁ በአንድ ኬልቪን ሲግል ስንት ፒሲኤም እንደሚቀንስ። ለእንዲህ ያለ ነዳጅ ከ2 እስከ 3 ፒሲኤም ኔጌቲቭ መጠበቅ ይቻላል። ሪአክተርን ከድንገተኛ የኃይል ጭማሪ ቀድሞ የሚይዘው ይህ ቁጥር ነው፤ ከኬ-ኢንፊኒቲው ይልቅ በዚህ መስማማታቸው ያስደስተኛል። የሞንቴ ካርሎው ስታቲስቲካዊ ስህተት እዚህ ላይ ይፈትናል፦ እያንዳንዱ ስሌት 50 ፒሲኤም የሚወላውል ከሆነ ልዩነታቸው 70 ይወላውላል፤ ያም ለ300 ኬልቪን ሲካፈል ከኮፊሸንቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጠፋዋል። 10 ፒሲኤም ድረስ ያውርዱት። ኦፕን ኤምሲ ውስጥ ከከባድ አቶም ጋር የሚደረገውን የሬዞናንስ ግጭት በትክክል የሚይዘው ምርጫ ሲበራና ሲጠፋም ይሞክሩ፤ ሲበራ ኮፊሸንቱ ወደ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ድራጎንን ከየትኛው ጋር እንዳወዳደሩ መጻፍ እንዳይረሱ።

ሙሉ ጥቅልና ጋዶሊኒየም

ዘንጉ ሲያጠግብዎ ወደ ጥቅሉ ይለፉ። ለዚህ የራስዎን ጥቅል አይፍጠሩ። የኦኢሲዲ የኑክሌር ኢነርጂ ኤጀንሲ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለቪቪኢአር-1000 የዩራኒየምና የሞክስ (የዩራኒየምና የፕሉቶኒየም ኦክሳይድ ቅይጥ) ጥቅሎች ያወጣው የማወዳደሪያ ሰነድ አለ፤ በነፃ ይገኛል። ኤምሲዩ፣ ቲቪኤስ-ኤም፣ ሄሊዮስ፣ ዊምስ፣ መልቲሴልና ኤምሲኤንፒ የሰጡት ውጤት ጎን ለጎን ተቀምጦበታል። ቲቪኤስ-ኤምን እጃችን ላይ ማግኘት ባንችልም የሰጠውን ቁጥር እዚያ ማየት እንችላለን። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የዩራኒየሙ ጥቅል 3.7 በመቶ የበለጸጉ ዘንጎች ሲኖሩት፣ 12ቱ ዘንጎች ግን በ3.6 በመቶ ዩራኒየም ላይ 4 በመቶ ጋዶሊኒየም ኦክሳይድ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ጋዶሊኒየም-157 ለዘገምተኛ ኒውትሮን ያለው የመዋጥ ክሮስ ሴክሽን 254,000 ባርን ገደማ ነው። በዚህ መጠን ሲቀላቀል ዘገምተኛው ኒውትሮን ከሩብ ሚሊሜትር ባነሰ ጥልቀት ይዋጣል። ስለዚህ ጋዶሊኒየሙ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚቃጠለው፤ ዘንጉን እንደ አንድ ወጥ አካል ያሰላ ሰው ጋዶሊኒየሙን ቶሎ ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን የጋዶሊኒየም ዘንግ እኩል ይዘት ባላቸው 10 ቀለበቶች ይክፈሉት። የነዳጁ ሬዲየስ 3.8 ሚሊሜትር ቢሆን የውጪኛው ቀለበት ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል፤ ለዚያ ጥልቀት የሚበቃ ነው። ከዚያ በ5 ቀለበትና በ15 ቀለበት ደግመው ያስሉ፤ ከ10 በኋላ ውጤቱ ካልተንቀሳቀሰ ይበቃል።

የቃጠሎውን እርምጃ በተመለከተ፣ ዜኖን-135 በሁለት ቀን ገደማ ሚዛኑን ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በጣም አጫጭር ይሁኑ። ጋዶሊኒየሙ እስኪያልቅ ድረስ በአንድ እርምጃ ከ0.5 ሜጋዋት-ቀን በኪሎግራም አይለፉ፤ ከዚያ በኋላ እርምጃውን ማስረዘም ይቻላል። ሰነዱ እስከ 40 ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሁለቱ ኮዶች ከአንድ ፊሽን የሚወጣውን ኃይል በአንድ ዓይነት አይቆጥሩ ይሆናል፤ አንዱ ከኒውትሮን ቅበላ የሚወጣውን ጋማ ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። በ200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የሁለት በመቶ ልዩነት፣ ቃጠሎውን በሁለት በመቶ ወደ ጎን ይገፋዋል። ኩርባዎቹ ተመሳሳይ ቅርጽ ይዘው ጎን ለጎን ተንሸራተው ካዩ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። በየእርምጃው ከኬ ሌላ የዩራኒየም-235ን፣ የፕሉቶኒየም-239ን፣ የጋዶሊኒየም-155 እና 157ን መጠን ያውጡ፤ የየዘንጉን የኃይል ድርሻም ያነጻጽሩ፤ በተለይ ከጋዶሊኒየም ዘንግ አጠገብ ያሉትን።

የሚጻፈው ሪፖርት

የኮዱን እትም፣ የላይብረሪውን ስሪትና የቡድኖቹን ብዛት፣ የሬዞናንስ ዘዴውን፣ የታሪኮቹን ብዛትና የስታቲስቲካዊ ስህተቱን መጠን ከሠንጠረዡ በላይ ይጻፉ። የግብዓት ፋይሎቹን በሙሉ ያያይዙ። ያልገባዎትን ልዩነት "ምክንያቱ አልታወቀም" ብለው በግልጽ ያስቀምጡት፤ ለማሳመር ብለው አይዝለሉት። ፋይሎቹን ለአንድ የክፍል ጓደኛዎ ሰጥተው እርስዎ በሌሉበት ያስኪዳቸው፤ እሱ ያንኑ ቁጥር ካላገኘ ሥራው አላለቀም።

ሪፖርቱ የሚሸፍናቸውን ስሌቶች በተመለከተ፣ በኦኢሲዲው የማወዳደሪያ ሰነድ ውስጥ አምስት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የሥራ ሁኔታ ነው፦ ነዳጁ 1027 ኬልቪን፣ የተቀረው 575፣ ቦሮን 0.6 ግራም በኪሎግራም፣ ዜኖን በሚዛኑ። የመጨረሻው ቀዝቃዛና ቦሮን የሌለበት ነው፤ ሁሉም 300 ኬልቪን። ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምሩና ወደ ኋላ አንድ በአንድ ይውጡ፤ በየደረጃው የሚጨምረው ጥቂት ነገር ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ በየት በኩል እንደገባ በቀላሉ ይለያል። አምስቱንም ሲጨርሱ በ1027 ኬልቪን ኦፕን ኤምሲ በ900 እና በ1200 መካከል እንዴት እንዳማከለ በማኑዋሉ ያረጋግጡ፤ ከድራጎን ጋር የቀረው ልዩነት ከዚያ ሊመጣ ይችላል።